ቫይረሱ አንድ፣ ሕመሙ ለየቅል፦ ዘረመል ስለ በሽታ ጽናት የሚናገረውና የማይናገረው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ከዜናው ጋር አብሮ የተዛመተ ወሬ ነበር፤ "ይህ በሽታ ጥቁር ሕዝብን አይደፍርም" የሚል። ወሬው በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም፣ በአሜሪካ በሚኖሩ ጥቁሮች ዘንድም ይነገር ነበር። ብዙ ሳምንታት ሳያልፉ ከአሜሪካ የመጣው መረጃ ግን ተቃራኒውን አሳየ። በዚያ አገር ጥቁሮች ከነጮች በበለጠ መጠን በበሽታው ይሞቱ ነበር።

ወሬው ሐሰት ቢሆንም ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ቫይረሱ ገብቶ አንዱ ለሦስት ቀን አስሎት ሲነሣ፣ ሌላው ኦክስጅን እስከሚያስፈልገው ድረስ ይጸናበታል። ዕድሜ፣ ስኳርና የደም ግፊት፣ የምግብ እጥረት፣ ክትባት፣ ሕክምና ቶሎ ማግኘትና አለማግኘት ብዙውን ልዩነት ያስረዳሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ተቆጥረው የሚቀር ነገር አለ። ከዚህ ቀሪ ውስጥ አንዱ ሰው ከአባትና ከእናቱ የሚወርሰው ዘረመል ነው።

ዘረመል ሰውነት የሚሠራበት የተጻፈ ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል። በሰው ሕዋስ ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉ፤ በእነርሱም ላይ ፕሮቲን የሚያሠሩ 20 ሺህ ገደማ ዘረመሎች ተቀምጠዋል። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች እንኳ የሚለያዩት ከ1 ሺህ ፊደላት በ1 ገደማ ነው። ከእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች አንዳንዶቹ ቫይረስ ወደ ሕዋስ በሚገባበት በር ላይ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውነት ወራሪ መግባቱን በሚያውቅበት የማንቂያ ሥርዓት ላይ ይገኛሉ።

ነገሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። እ.አ.አ በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ በተነሣ ጊዜ ኩብሳ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተጎዳ። በምትኩ በስፋት የተሰራጨው ዲገሉ ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ነበር። በ2013 ግን ሌላ ጠላት መጣ፤ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ያንኑ ዲገሉን አወደመው። አንዱን በሽታ የሚቋቋም ዘር ለሌላው ሊሸነፍ እንደሚችል ገበሬው በማሳው አይቷል። በሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር መኖሩ ከዚህ በታች ይታያል።

ንጽጽሩ የሚሠራው ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። በማሳ ላይ ያለ የተሻሻለ ስንዴ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዘር ነው፤ ዋግ ሲመጣ አብሮ ይቆማል ወይም አብሮ ይወድቃል። ሕዝብ እንዲህ አይደለም። ሕዝብ የሚመስለው በሰሜኑ ደጋ ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ የተዘራበትን ማሳ ነው፤ በአንዱ ማሳ ገብሱ ይበዛል፣ በሌላው ስንዴው፤ ሁለቱም ግን በሁለቱም ማሳ አሉ። ሳይንቲስቶች "ይህ የዘረመል ልዩነት በእስያ የበዛ ነው" ሲሉ እያንዳንዱ እስያዊ ይዞታል ማለታቸው አይደለም።

ከኒያንደርታል የተወረሰው ቁራጭ

በዚህ ዘርፍ እጅግ የተጠናው በሽታ ኮሮና ነው። እ.አ.አ በ2020 ክረምት መግቢያ ላይ በጣሊያንና በስፔን ሆስፒታሎች መተንፈስ አቅቷቸው የተኙ 1 ሺህ 610 ታማሚዎች ዘረመል ከጤነኞች ጋር ተነጻጸረ። ሁለት ቦታዎች ጎልተው ወጡ፤ አንዱ በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ሌላው የደም ዓይነትን በሚወስነው ዘረመል ላይ።

ስለ ደም ዓይነቱ የተነገረው በየቦታው ተጋንኖ ነበር። የ"ኤ" ደም ያላቸው ሰዎች በመጠኑ የበለጠ፣ የ"ኦ" ደም ያላቸው በመጠኑ ያነሰ አደጋ ታይቶባቸዋል፤ ልዩነቱ ግን "ኦ ነኝ" ብሎ ያለ ጥንቃቄ ለመቀመጥ የሚያበቃ አይደለም። በ"ኦ" ደም የሞቱም ብዙ ናቸው።

የ3ኛው ክሮሞዞም ጉዳይ የበለጠ ያስገርማል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሁጎ ዜበርግ እና በኋላ በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ስቫንቴ ፓቦ ይህን ቁራጭ ከጥንታዊ አጥንቶች ዘረመል ጋር አስተያዩት። በክሮኤሺያ ዋሻ ከተገኘ፣ ወደ 50 ሺህ ዓመት ከሚገመት የኒያንደርታል አጥንት ጋር ተመሳሰለ። ኒያንደርታሎች በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ይኖሩ የነበሩ፣ ዛሬ የጠፉ የሰው ዘመዶች ናቸው። የዛሬው ሰው አባቶች ከአፍሪካ ወጥተው ሲያገኟቸው ተዋለዱ፤ ከዚያ የተገኘው ውርስ በልጅ ልጅ ሲተላለፍ እስከዛሬ ደረሰ።

ቁራጩን በአንድ ወገን የወረሰ ሰው በኮሮና ሲያዝ ሕመሙ የሚጸናበት ዕድል ወደ 1.6 እጥፍ ያድጋል። በደቡብ እስያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ፣ በባንግላዴሽ ደግሞ 63 በመቶው ቢያንስ አንድ ቅጂ ይዟል። በአውሮፓ 16 በመቶ ገደማ ነው። በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ግን የለም ማለት ይቻላል።

የዚያ የ2012 ወሬ አማኞች ይህን ቢሰሙ "አላልናችሁም?" ሳይሉ አይቀሩም። ነገር ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት ያሻል። ይህ ትልቁ የተባለው የዘረመል አደጋ 1.6 እጥፍ ሲሆን፣ ያልተከተበ የ85 ዓመት አዛውንት በኮሮና የመሞት ዕድሉ ከ20 ዓመት ወጣት ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር። በእንግሊዝ በ2020 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት የባንግላዴሽ ተወላጆች ከነጭ እንግሊዛውያን ወደ 2 እጥፍ የሚጠጋ የሞት አደጋ እንዳለባቸው አመልክቷል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የኒያንደርታል ቁራጭ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያው አገር ቁራጩን እምብዛም የማይዙት ጥቁሮችም ከነጮች በላይ ሞተዋል። ሁለቱን ያመሳሰላቸው የተጨናነቀ ቤት፣ ከቤት ሆነው የማይሠሩት የአውቶቡስና የሆስፒታል ሥራ፣ ስኳርና የደም ግፊት ነበር።

የዲገሉ ታሪክ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ዜበርግ በ2022 ባወጡት ጥናት ይኸው በኮሮና ጊዜ ጠላት የሆነው ቁራጭ በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል በ27 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። አንዱን በር ክፍት ያደረገው ልዩነት ሌላውን በር ይዘጋል ማለት ነው። "መጥፎ ዘረመል" የሚባለው አነጋገር ስሕተቱ ይህ ነው፤ ለየትኛው በሽታ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

አፍሪካውያን የፈቱት ቋጠሮ

ከኒያንደርታል የተወረሰው ሁሉ ጎጂ አይደለም። በ12ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ሌላ ቁራጭ በኮሮና ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባትን ዕድል በ22 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በቁራጩ ውስጥ ኦአስ1 የሚባል፣ ሕዋስ ውስጥ የገባን ቫይረስ ለማጥፋት የሚረዳ ዘረመል ይገኛል። ችግሩ ቁራጩ ረጅም መሆኑ ነበር። በውስጡ ያሉት ብዙ የፊደል ለውጦች ሁልጊዜ አብረው ስለሚወረሱ፣ ጥበቃውን የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ በአውሮፓውያን ላይ ብቻ በተደረገ ጥናት መለየት አልተቻለም። አንድ ገበሬ ስንዴውን ከነእንክርዳዱ ሳይለይ እንደሚወቃው ዓይነት ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከአፍሪካ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። ከእነዚህ ለውጦች አንዷ ፊደል በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ፣ ያለ ኒያንደርታል ውርስ፣ ብቻዋን ትገኛለች። በ2022 የታተመ ጥናት በኮሮና ሆስፒታል የገቡ 2 ሺህ 787 የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎችን መርምሮ፣ ይህችን ፊደል የያዙት ያንኑ ጥበቃ እንዳገኙ አሳየ። ስለዚህ ጥበቃውን የምትሰጠው እርሷ ናት ማለት ነው። ፊደሏ ኦአስ1 ፕሮቲን ረዘም ብሎ እንዲሠራ ታደርጋለች፤ የረዘመው ፕሮቲንም ቫይረሱ በሚባዛበት የሕዋስ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ይጠብቀዋል።

አፍሪካውያንን በጥናት ማካተት ብዙ ጊዜ እንደ ፍትሕ ወይም እንደ በጎ አድራጎት ይቀርባል። ይህ ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም መልስ ያለ አፍሪካ ዘረመል ላይገኝ ይችላል። የሰው ልጅ ረጅሙን ዘመን የኖረው በዚህ አህጉር ስለሆነ የዘረመል ልዩነቱ በአፍሪካ ከየትም ይበልጣል። ሆኖም እስከ 2018 ድረስ በዓለም በዚህ ዓይነት ጥናት ከተካተቱ ሰዎች 78 በመቶው አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካውያን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ክፍተቱ ለኢትዮጵያ የበለጠ ይሰፋል። ስለ "አፍሪካውያን" የሚወጣው አብዛኛው ጥናት የሚመጣው ቅድመ አያቶቻቸው በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ ከሆኑ የአሜሪካ ጥቁሮች ነው። በ2012 እ.አ.አ የታተመ የኢትዮጵያውያን የዘረመል ጥናት ግን ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩ ሕዝቦች ውስጥ ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሰዎች ጋር የተደረገ ሰፊ መቀላቀል አሳይቷል። ከዚያው የተነሣ የኒያንደርታል ውርስ አሻራ በኢትዮጵያ ከምዕራብ አፍሪካ የበለጠ ነው። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ ሕዝቦች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። በአትላንታ የተገኘ ውጤት በጎጃም ወይም በወሎ እንዳለ ይሠራል ብሎ መውሰድ አይቻልም።

ሌሎች ሕዝቦችም ከራሳቸው ዘረመል ውስጥ ሌሎች ያላዩትን አግኝተዋል። በጃፓን በ2022 የወጣ ጥናት ዶክ2 በሚባል ዘረመል አጠገብ፣ ከ65 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ ኮሮናን የሚያጸና ልዩነት አገኘ፤ በአውሮፓ እምብዛም ስለማይገኝ እዚያ ሊታይ አይችልም ነበር። ፎክስፒ4 በሚባለው አጠገብ ያለው ሌላ ልዩነትም በአውሮፓ ከ2 እስከ 3 በመቶ፣ በምሥራቅ እስያ ግን እስከ 32 በመቶ ይደርሳል።

ኤችአይቪ፣ ጉበትና ዴንጊ

ኤችአይቪ ወደ ነጭ የደም ሕዋስ ሲገባ ከሚጠቀምባቸው በሮች አንዱ ሲሲአር5 ይባላል። በ1996 እንደታወቀው፣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ ሲሲአር5 የወረሱ ሰዎች በተለመደው የኤችአይቪ ዓይነት አይያዙም ማለት ይቻላል። በሰሜን አውሮፓ ከ100 ሰው 1 ገደማ እንዲህ ነው፤ በአፍሪካ ግን ልዩነቱ የለም ሊባል ይችላል። "የበርሊኑ ታማሚ" ተብሎ የታወቀው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ከኤችአይቪ የዳነው ለደም ካንሰሩ ከእንዲህ ያለ ሰው መቅኒ በ2007 ተወስዶለት ነው። ግን በዚህም ቢሆን ዋጋ አለ፤ በሩ የሌላቸው ሰዎች የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዛቸው ሕመሙ ይብስባቸዋል።

አፍሪካም የራሷ ጥበቃ አላት። በ2023 የታተመ፣ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሲኤችዲ1ኤል በሚባል ዘረመል አጠገብ የቫይረሱን መጠን ዝቅ የሚያደርግ ልዩነት አግኝቷል። ከ4 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ይህን ሳይይዙ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። በአውሮፓውያን ላይ ለዓመታት ሲደረግ በነበረው ፍለጋ አልታየም ነበር፤ እዚያ የለምና። የቫይረሱን መጠን ዝቅ ማድረግ ግን ማዳን አይደለም። የየዕለቱ መድኃኒት ቫይረሱን ከዚህ ልዩነት እጅግ በበለጠ ይገታዋል።

የሄፓታይተስ ሲ ታሪክ አጭር ነው፤ ግን ሊነገር ይገባዋል። በ2009 አንድ የዘረመል ልዩነት፣ በኢንተርፌሮን መርፌ ሲታከሙ አሜሪካውያን ጥቁሮች ከነጮች ባነሰ ቁጥር የሚድኑበትን ምክንያት ግማሽ ያህሉን እንደሚያስረዳ ታወቀ። ጉዳዩ ብዙ አነጋገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ እንክብሎች መጡ፤ ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ ያድናሉ፤ ልዩነቱም በሕክምናው ውጤት ላይ የነበረው ክብደት አብሮ ቀረ። በዘረመል የተጻፈ ልዩነት በመድኃኒት ሊሻር ይችላል።

የዴንጊ ትኩሳት በ1981 ኩባን ሲመታ ከ344 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው 158 ሞተዋል። የአገሪቱ ሐኪሞች ያስተዋሉት ነገር ነበር፤ ደም የሚያፈሰው ከባዱ ዓይነት ጥቁር ኩባውያንን ከነጮች ባነሰ ቁጥር ያጠቃ ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም የአፍሪካ ውርስ የሚሰጠው ጥበቃ እንዳለ ደግፈዋል። ነገር ግን ጥበቃው ከመጽናት እንጂ ከመያዝ አይደለም። በ2013 እ.አ.አ ዴንጊ በድሬዳዋ ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወድቀዋል፤ ከዚያ ወዲህም በአፋርና በሶማሌ አካባቢዎች ተመልሷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነክስ፣ በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ ውስጥ የምትራባ ናት። በርሜሉን መክደን ከየትኛውም ዘረመል ይልቅ በሰው እጅ ያለ ነገር ነው።

ብርቅ የሆኑት ቤተሰቦች

እስካሁን የተነገሩት ልዩነቶች የብዙ ሰው ናቸው፤ አደጋውንም በጥቂቱ ነው የሚለውጡት። ከእነርሱ የሚለዩ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚይዟቸው፣ ኃይላቸው ግን ብርቱ የሆነ ጉድለቶችም አሉ። ብዙዎቹ የሚነኩት ኢንተርፌሮንን ነው። ኢንተርፌሮን ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ለጎረቤቶቹ የሚነፋው ጥሩንባ ሊባል ይችላል፤ ጥሩንባው ካልተሰማ ጎረቤት ሳይዘጋጅ ይያዛል። በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት ሕፃን በተራ ኢንፍሉዌንዛ ለሞት የተቃረበችው ከሁለቱም ወላጆቿ በተወረሰ እንዲህ ያለ ጉድለት መሆኑ ታወቀ። በ2022 ደግሞ በሳሞአና በአካባቢው ደሴቶች እንዲሁም በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ ኢኑይት ሕዝቦች ዘንድ ኢንተርፌሮንን የመስማት ጉድለት ከሌላው ዓለም በበለጠ እንደሚገኝ ተገለጠ። ጥቂት መሥራቾች ብቻ የነበሯቸው፣ ለብዙ ዘመን ተለይተው የኖሩ ሕዝቦች ናቸው።

እንዲህ ያለው ጉድለት የሚገለጠው ልጁ ከእናትም ከአባትም ሲወርሰው ነው። ይህ የሚሆንበት ዕድል ወላጆች የቅርብ ዘመድ ሲሆኑ ከፍ ይላል። በአማራና በአካባቢው ያለው፣ ሽማግሌዎች ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት የሚቆጥሩበት ልማድ የተጀመረው ለዘረመል ተብሎ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ከዚህ አደጋ ያርቃል። በከተማ ቆጠራው እየላላ መምጣቱን ያስተዋለ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የእነዚህ ልጆች ነገር በክትባት ላይ ጥርጣሬ እንዳያሳድር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው የተዳከመ ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበትን ሕፃን ሊያሳምሙ መቻላቸው እውነት ነው። ሕፃኑን ከዚያ በባሰ የሚያሰጋው ግን ከጎረቤት የሚመጣው እውነተኛው ኩፍኝ ነው፤ ከእርሱ የሚከልለውም በዙሪያው ያሉት ልጆች መከተባቸው ነው። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል።

የተገኘው እውቀት ጥቅም

በእንግሊዝ ሐኪሙ ኬኔት ቤይሊ የመሩት ጥናት ከ208 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሰበሰቡ 2 ሺህ 244 የኮሮና ታማሚዎችን መርምሮ በታኅሣሥ 2020 ቲዋይኬ2 የሚባል ዘረመልን ጠቆመ። ዘረመሉ ሲበዛ ሳንባን የሚጎዳ እብጠትን የሚያቀጣጥል ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሚሠራ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሠራ ባሪሲቲኒብ የተባለ መድኃኒት አስቀድሞ በገበያ ላይ ነበር። በ2022 ከ8 ሺህ በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ መድኃኒቱ በሆስፒታል የተኙ ታማሚዎችን ሞት በ13 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ዘረመልን ማጥናት ሰውን በዘሩ ለመመደብ ሳይሆን መድኃኒቱ የት መነካት እንዳለበት ለማወቅ የሚያገለግለው በዚህ መልኩ ነው፤ መድኃኒቱም ያንን ልዩነት ለያዘና ላልያዘ እኩል ይሰጣል።

አንድ ጤነኛ ሰው ቫይረስ ይጸናብኝ ይሆን ብሎ የዘረመል ምርመራ እንዲያደርግ የሚያስፈልግበት ምክንያት ዛሬ የለም። ለሐኪም ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሳይነገር መቅረት የሌለበት ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ከአንድ እናትና አባት ከተወለዱ ልጆች ከአንድ በላይ በተራ ቫይረስ ለሞት ከደረሱ፣ አንድ ልጅ በኢንፍሉዌንዛ ወይም በኩፍኝ ተደጋግሞ ከጸናበት፣ ወይም ከክትባት በኋላ ሆስፒታል እስከመተኛት ከታመመ፣ ቀጣዩ ልጅ ከመከተቡ በፊት ይህ መነገር አለበት።